ጎመኑ ጓሮ ሲበሰብስ ወጡ ድስት ውስጥ ይቀጥናል

አዲስ አበባ ውስጥ ዘይትና ዱቄት ለመስጠት መንገዱ የታወቀ ነው። በዓል ሲቃረብ ወረዳው ዝርዝር ያወጣል፣ ድንኳን ይተከላል፣ ባነር ይሰቀላል፣ ካሜራ ይመጣል። ዘይቱና ዱቄቱ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ፎቶ ይነሳል፤ በማግሥቱ ፎቶው የወረዳው የፌስቡክ ገጽ ላይ ይወጣል። ስሙ «ማዕድ ማጋራት» ነው። ክፉ ነገር አይደለም። ዘይቱ የገባበት ቤት ለበዓሉ ወጥ ሠርቶ ውሏል።

አንድ እቅፍ ጎመን ለመስጠት ግን መንገድ የለም።

አንባቢ እንዲህ ያስበው። ወሩ ነሐሴ ነው። የአንዲት የኮልፌ እናት ጎመን ከቤተሰቡ ድስት አልፎ ተርፏል። ለጎረቤት ሰጥታለች፤ ጎረቤትም የራሱ አለው። ሦስት እስር ጎመንና አንድ ፌስታል ቆስጣ ይዛ ሰፈሯ ወዳለው የምገባ ማዕከል ብትሄድ ማን ይቀበላታል? በር ላይ ያለው ጥበቃ «እማማ፣ ከየትኛው መሥሪያ ቤት ነው የመጡት?» ይላታል። ከየትም መሥሪያ ቤት አልመጣችም፤ ከቤቷ ነው። ድርጅት ብትሆን የምስጋና ደብዳቤ ይጻፍላት ነበር። ባለሀብት ብትሆን የምስክር ወረቀት በፍሬም ይሰጣት ነበር። ሦስት እስር ጎመን የያዘች ሴት ግን የትኛው ቅጽ ላይ እንደምትመዘገብ የሚያውቅ የለም። ይዛው ትመለሳለች። ከሁለት ቀን በኋላ ይጠወልጋል፤ ዶሮ ካላት ለዶሮ፣ ከሌላት ወደ ቆሻሻ ገንዳ።

ከተማዋ ነዋሪዋን «ትከል፣ አልማ፣ ከጓሮህ ብላ» ማለት ከጀመረች ዓመታት ተቆጥረዋል። ያለማውን በልቶ የተረፈውን የት ያድርስ ለሚለው ጥያቄ ግን እስካሁን በር አልከፈተችም። ይህን በር መክፈት ደግሞ ከተማዋ ከያዘቻቸው ሥራዎች ሁሉ ርካሹ ነው። አለመከፈቱን ይቅር ለማለት የሚያስቸግረውም ለዚህ ነው።

የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር በኅዳር 2015 ዓ.ም. አርባ ምንጭ ላይ ይፋ ከሆነ ወዲህ የከተማ ግብርና የሹም መመዘኛ እስከመሆን ደርሷል። የመሥሪያ ቤት ግቢ ሣሩ ተነቅሎ ሰላጣ ተተክሎበታል። ትምህርት ቤቶች ከሰንደቅ ዓላማው ጀርባ ካሮትና ቀይ ሥር ይዘዋል። ኮንዶሚኒየም የገባው ነዋሪ ሳይቀር በጆንያና በተቆረጠ ጀሪካን በረንዳው ላይ ቆስጣ አብቅሏል። ይህን ያህል አባወራና እማወራ ተሳተፈ፣ ይህን ያህል ኩንታል ተመረተ የሚል ሪፖርት በየስብሰባው ይነበባል። ሪፖርቱ ምርቱን ከመሬት እስኪነሳ ድረስ ይከተለውና እዚያ ላይ ይለቀዋል። ስንቱ ተበላ፣ ስንቱ ተሸጠ፣ ስንቱ ጓሮ ውስጥ አብቦ ቀረ የሚል ዓምድ ሲነበብ አይሰማም።

ስሙ ራሱ የሚለውን መስማት ይበቃ ነበር። «ትሩፋት» ከ«ተረፈ» የወጣ ቃል ነው፤ በቤተ ክህነት አማርኛም ከታዘዘው በላይ የሚደረግ በጎ ሥራ ማለት ነው። «ሌማት» እንጀራ የሚቀመጥበት የስፌት ዕቃ ነው። ስያሜውን ያወጣው ሰው አስቦበትም ይሁን ሳያስብ፣ ቃሉ ከገበታ አልፎ የተረፈውን በጎ ነገር ይጠራል። ዘመቻው ሌማቱን ይዞ ትሩፋቱን ረስቶታል።

አሁን ከጓሮው አጥር ማዶ ያለውን ማየት ነው። የአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ከ700 ሺህ በላይ ተማሪዎችን ይመግባሉ። ይህን ያህል ሕፃን በየቀኑ ቁርስና ምሳ ማብላት ቀልድ አይደለም፤ ከተማዋ ከሠራቻቸው ነገሮች መካከል ምናልባት ከሁሉም በላይ ልትኮራበት የሚገባው ነው። ባዶ ሆዱን መጥቶ ሰልፍ ላይ የሚወድቅ ልጅ ያየ መምህር የዚህን ሥራ ዋጋ ያውቀዋል። «ተስፋ ብርሃን» የሚል ስም የያዙት የምገባ ማዕከላት ደግሞ አረጋውያንን፣ ጎዳና ላይ ያሉትን፣ የቀን ሥራ አጥተው የዋሉትን በቀን አንድ ጊዜ ያበላሉ።

የትምህርት ቤቱን ምግብ የሚያበስሉት የተደራጁ እናቶች ናቸው። ሒሳባቸው በአንድ ልጅ፣ በአንድ ቀን የተተመነ ነው። የተተመነ ገንዘብ ደግሞ ጠባዩ ይታወቃል፦ ሽንኩርት ሲወደድ እሱ ባለበት ይቆማል፤ ዘይት ሲጨምር እሱ ባለበት ይቆማል። ተመኑ ተጠንቶ፣ ቀርቦ፣ ጸድቆ እስኪከለስ ድረስ ወራት ያልፋሉ። በእነዚያ ወራት እናቶቹ እጅ ላይ ያለው መፍትሔ ውኃ ነው። ምስሩ ይቀጥናል። ድንቹ ከሁለት ወደ አንድ ይወርዳል። ጎመን በሳምንቱ የምግብ ዝርዝር ላይ ስሙ ተጽፎ ይቀራል፤ ሳህኑ ላይ ግን ቅጠሉን ፈልጎ ማግኘት ዓይን ይጠይቃል። እናቶቹን መውቀስ አይቻልም። ማንኛዋም የቤት እመቤት ወር ሳይደርስ ገንዘብ ሲያልቅባት የምታደርገውን ነው የሚያደርጉት።

እዚህ ድስት ውስጥ በነፃ የገባ አንድ ኪሎ ጎመን በዓል ላይ ከተሰጠ አንድ ሊትር ዘይት የሚለየው በዚህ ነው። ዘይቱ ሆድ ለመሙላት ያግዛል። ልጁ የጎደለው ግን ሌላ ነው። በ2011 ዓ.ም. የተካሄደው አነስተኛ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉ የኢትዮጵያ ሕፃናት 37 በመቶው እንደቀነጨሩ አሳይቷል። በአዲስ አበባ ቁጥሩ ዝቅ ይላል፤ ነገር ግን በእንጀራና በቀጭን ሽሮ ብቻ የሚያድግ ልጅ በከተማም በገጠርም አንድ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት አንድ ሰው በቀን ቢያንስ 400 ግራም አትክልትና ፍራፍሬ እንዲበላ ይመክራል። ይህን መጠን በቀን ቀርቶ በሳምንት የማያገኝ ቤት እየፈለጉ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ማዕድ ሲጋራ ግን ዱቄትና ዘይት ይጫናል እንጂ ቅጠል ተጭኖ አይታይም።

ለምን? ጎመን ስለሚያሳፍር ነው።

ይህን በግልጽ መናገር ይሻላል። በዚህ አገር የጎመን ስም ከችግር ጋር ተቆራኝቷል። ክረምት ላይ ጎተራው ሲጎድል፣ አዲሱ እህል ሳይደርስ፣ ገጠሩ የሚከርመው በጎመን ነው። መስከረም ሲጠባ ጎመንን ከድስት አሰናብቶ ገንፎን የሚያስገባ ልማድ ያለው ለዚህ ነው። «ጎመን በጤና» የሚለው አባባልም ጎመንን ያመሰገነ ይምሰል እንጂ ውስጡ ሲታይ «ከሥጋ ብታንስም ትሻለኛለህ» ነው የሚለው። ስለዚህ ሰው ቤት ዘይት ይዞ መግባት ስጦታ ነው፤ ጎመን ይዞ መግባት ግን ተቀባዩን «አንተ ይህ ይበቃሃል» ማለት ይመስላል። ሹሙም ጎመን ሲያስረክብ ፎቶ መነሳት አይፈልግም። ከበስተጀርባው የተሰቀለው ባነር ላይ የጠወለገ ቅጠል አያምርም።

ይህ ኩራት ዘመኑ አልፎበታል። ጎመን የድሃ ምግብ የተባለው ርካሽ በነበረ ጊዜ ነው። ዛሬ ሰባት ሰው ላለበት ቤት የሚበቃ ጎመን ከነዘይቱና ከነሽንኩርቱ ለማብሰል ስንት እንደሚያስወጣ ጉልት የምትወርድ ሴት ሁሉ ታውቃለች። የማታውቀው ቢሮ ውስጥ ያለው የስጦታ ዝርዝር ነው።

የሚያስቆጨው፣ በሩ አንድ ጊዜ ተከፍቶ ነበር። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲገባና የቀን ሠራተኛው ቤቱ ሲቀመጥ፣ የከተማ አስተዳደሩ በየአካባቢው የምግብ ባንክ አቋቁሞ ነዋሪው ያለውን እንዲያመጣ ጠየቀ። ብዙ ሰው «የምግብ ባንክ» የሚለውን ቃል የሰማው ያኔ ነው። ፓስታም፣ ሩዝም፣ ሳሙናም መጣ። የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ያልያዘ ተራ ነዋሪ ሰጪ ሆኖ የተቆጠረበት ጊዜ ነበር። በዚያው ሰሞን የፒያሳው አትክልት ተራ ወደ ጃን ሜዳ ተዛወረ፤ በኋላም ወደ ኃይሌ ጋርመንት ሄደ። አትክልቱ ከመሐል ከተማ በራቀ ቁጥር የመኪናው፣ የጫኝና አውራጁ ሒሳብ ጎመኑ ላይ ይጨመራል። ስለዚህ የጓሮው ጎመን ዋጋ የሚታወቀው አሁን ነበር። ወረርሽኙ ሲያልፍ ግን የየሰፈሩ በር ተዘጋና መስጠት ወደ በዓል ዝግጅት ተመለሰ። ረሃብ የበዓል ቀን መቁጠሪያ አይከተልም። ጎመንም አይከተልም።

የገበያ ሰዎች እዚህ ላይ «ታዲያ ለምን አይሸጡትም? የእሁድ ገበያ አለላቸው» ይላሉ። ሦስት እስር ጎመን ይዞ እሁድ ገበያ ለመድረስ የታክሲው ዋጋ ከጎመኑ ይበልጣል። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ መቀመጡም ሥራ ፈት ለሆነ ሰው ብቻ የሚመከር ነው። የጓሮ ትርፍ ጠባዩ ይህ ነው፦ ለቤት ይበዛል፣ ለገበያ ያንሳል።

በቁም ነገር ሊመለስ የሚገባው ተቃውሞ የጤናው ነው። በአቃቂ ወንዝና በገባሮቹ ውኃ የሚለማ አትክልት ከባድ ብረቶችን እንደሚይዝ ተመራማሪዎች ከሃያ ዓመት በላይ ሲጽፉ ቆይተዋል። ቅጠላ ቅጠል በዚህ ረገድ ይበልጥ ተጋላጭ ነው። የፋብሪካና የመጸዳጃ ፍሳሽ የገባበትን ውኃ የጠጣ ቆስጣ ለሕፃን አይሰጥም። «ድሃ ነው፤ ማጣራት አያስፈልገውም» የሚል ሰጪ ካለ ልግስናው ይቅርበት።

ነገር ግን ተቃውሞው ሲመረመር ወደ ሌላ ቦታ ያደርሳል። የወንዝ ዳር አትክልት ዛሬም በየገበያው ይሸጣል። የምገባ ማዕከሉ ከነጋዴ የሚገዛው ጎመን በምን ውኃ እንደለማ እስሩ ላይ አልተጻፈም፤ የሚጠይቅም የለም። የጓሮዋ ሰጪ ግን ስሟም ቤቷም ይታወቃል። «በምን ውኃ ነው ያለሙት? መድኃኒት ረጭተውበታል? ከረጩ መቼ ነው?» ተብላ ልትጠየቅ ትችላለች። የወረዳው የግብርና ባለሙያ፣ ችግኝ ሲያድል ደጃፏን ያወቀው ያው ሰው፣ ሄዶ ማየት ይችላል። በቧንቧ፣ በዝናብ ወይም በንጹሕ ጉድጓድ ውኃ ከለማ ይገባል፤ በወንዝ ከለማ አይገባም። እንዲህ ከተደረገ ከጓሮ የመጣው ጎመን ድስቱ ውስጥ ካለው ሁሉ ይልቅ ምንጩ የታወቀ ይሆናል። ጤናን ምክንያት አድርጎ በሩን የዘጋ ኃላፊ የሚገዛውንም በዚያው መስፈርት ይመርምርና ከዚያ ይነጋገር።

ሁለተኛዋ ባለጉዳይ የጉልት ቸርቻሪዋ ናት። በነፃ የሚታደል ጎመን ገበያዋን አይገድልባትም ወይ? ጥያቄው ትክክል ነው። ጎመኑ በር ላይ ለመጣ ሁሉ በፌስታል የሚታደል ከሆነ በእርግጥ ይጎዳታል፤ እሷም ልጆቿን የምታሳድገው በዚያው ጎመን ነው። ስለዚህ መግባት ያለበት ወደ ድስት ነው። ማዕከሉ የሚበላው ሰው ከጉልት ገዝቶ ለማብሰል አቅሙም ምድጃውም የሌለው ነው፤ የትምህርት ቤቱ ድስትም ከቸርቻሪዋ በእስር በእስር አይገዛም። እንዲያውም አመሻሽ ላይ ያልተሸጠላትን፣ ለነገ የማይደርሰውን ቅጠል ማዕከሉ በቅናሽ ቢገዛት ማንም አይከስርም። ማታ ማታ ጉልት የሚፈታበት ሰዓት ላይ አስፋልት ዳር የሚቀረውን ቅጠል ያየ ሰው ይህ ስንት እንደሚሆን መገመት አያቅተውም።

«ሦስት እስር ጎመን ረሃብ ያጠፋል እንዴ?» የሚሉም አሉ። አያጠፋም። የደመወዝን፣ የቤት ኪራይን፣ የዋጋ ንረትን ጉዳይ ጎመን አይፈታውም፤ ይፈታዋል ያለ ሹም ከተገኘ ከሥራው መሸሹ ነው። ሒሳቡ ግን ይታይ። በአንድ ወረዳ 200 ቤቶች በሳምንት አንድ አንድ ኪሎ ቢሰጡ 200 ኪሎ ይሆናል። ግንዱና ቢጫው ቅጠል ሲጣል ሩቡ ይሂድ፤ 150 ኪሎ ይቀራል። በአንድ ልጅ 100 ግራም ቢደርስ 1,500 ልጅ በሳምንት አንድ ቀን ጎመን በልቶ ይውላል። አንድ ትልቅ ትምህርት ቤት ማለት ነው። ይህ ሁሉ የሚመጣው ያለ በጀት፣ ያለ ጨረታ፣ ያለ ነዳጅ ነው፤ ሰጪዎቹ በእግራቸው ነውና የሚያመጡት።

ይህ አዲስ ፍልስፍና አይደለም። የምግብ ባንክ የሚባለው አሠራር የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1967 በአሜሪካ አሪዞና፣ ፊኒክስ ከተማ፣ ጆን ቫን ሄንግል በሚባል ሰው ነው። አሜሪካም ረሃብን በምግብ ባንክ አላጠፋችም፤ እዚያም ባንኩ የመንግሥትን ኃላፊነት መሸፈኛ ሆኗል የሚሉ ተቺዎች አሉ፤ እውነት አላቸው። ከእነሱ መማር የሚጠቅመው ትንንሹን ነገር ነው። በአላስካዋ አንኮሬጅ ስለ አትክልት የሚጽፈው ጄፍ ሎዌንፌልስ የጋዜጣ አንባቢዎቹን ከጓሯቸው አንድ መስመር ለተራበ ሰው እንዲተክሉ ጠየቀ፤ ምርቱ በከተማው ወዳለ ነፃ ምግብ ቤት ሄደ። እ.ኤ.አ. በ1995 የአሜሪካ የአትክልት ጸሐፊዎች ማኅበር ሐሳቡን ወስዶ አገር አቀፍ ዘመቻ አደረገው።

በኋላ ደግሞ ጋሪ ኦፐንሃይመር የሚባል የኒው ጀርሲ ሰው አንድ ነገር አስተዋለ። ባለ ጓሮው መስጠት ይፈልጋል፤ ምግብ የሚያድለው ቤትም ትኩስ አትክልት ይፈልጋል፤ ሁለቱ ግን አይተዋወቁም። ምግብ አዳዮቹ ማቀዝቀዣ ስለሌላቸው «የታሸገ ብቻ» ብለው ለምደዋል። ጠዋት የተቀነጠሰ ቅጠል ግን በዚያው ቀን ከተበላ ማቀዝቀዣ አይፈልግም። እ.ኤ.አ. በ2009 የሠራው ሥራ የትኛው ቤት በየትኛው ቀን፣ በስንት ሰዓት ትኩስ አትክልት እንደሚቀበል የሚያሳይ ዝርዝር በኢንተርኔት ማውጣት ነበር። ዝርዝር ብቻ። ተጠያቂነትን በተመለከተም እ.ኤ.አ. በ1996 ፕሬዚዳንት ክሊንተን የፈረሙትና በሟቹ የሚዙሪ ተወካይ በቢል ኤመርሰን ስም የተሰየመው ሕግ፣ በቅን ልቦና ምግብ የሰጠ ሰው ሆን ብሎ ወይም በከባድ ቸልተኝነት ካላጠፋ በቀር እንዳይከሰስ ይጠብቀዋል። የአዲስ አበባው የማዕከል ኃላፊ «ነገ ሰው ቢታመም እኔ ነኝ የምጠየቀው» የሚለው ፍርሃቱ ከልቡ ነው። ፍርሃቱን የሚያነሳለት ወረቀት ነው እንጂ ስለ መተሳሰብ የሚሰጥ ሥልጠና አይደለም።

የሎዌንፌልስ «አንድ መስመር» ለኢትዮጵያዊ ጆሮ እንግዳ አይደለም። ኦሪት የማሳውን ጥግ ለድሃና ለመጻተኛ እንዲተው ታዝዛለች። በኩራት የሚባለው የምርቱ መጀመሪያ ነው፤ የተረፈው አይደለም። ሰደቃ የሚያወጣ ሙስሊምም የተበላሸውን መርጦ መስጠት ነውር መሆኑን ያውቃል። የጎመኑን እፍረት የሚያጥበውም ይኸው ነው። ከቤት አልፎ የቀረውን ይዞ የመጣ ሰው «ትራፊ አመጣሁ» ብሎ ይሸማቀቃል። ከሰኔ ጀምሮ አንድ መደብ ለየሰፈሩ ድስት ብሎ የለየ ሰው ግን የሚያስረክበው ትራፊ የለውም፤ የሰው ድርሻ ነው በአደራ የያዘው።

በዚህ ጉዳይ ላይ እስካሁን ያልተነሳ አንድ የቀን መቁጠሪያ ችግር አለ፤ ማንም ዘመቻ ከመጀመሩ በፊት ሊያስብበት ይገባል። የጓሮ ጎመን የሚበዛው ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ነው። ትምህርት ቤት ደግሞ ሰኔ መጨረሻ ላይ ይዘጋል። ቅጠሉ በጣም በሚተርፍባቸው ሁለት ወራት ትልቁ ድስት ከእሳት ይወርዳል፤ በትምህርት ቤቱ ምሳ የለመደው ልጅም ቤቱ ይቀመጣል። ስለዚህ የክረምቱ ጎመን ዓመቱን ሙሉ ወደሚሠሩት የምገባ ማዕከላት፣ የመስከረሙና የጥቅምቱ ወደ ትምህርት ቤቶች መሄድ አለበት። ክረምት ላይ ለልጆች ማብሰል የሚችል ትምህርት ቤት ካለ ደግሞ ጎመኑ ቀድሞ እዚያ ይድረስ።

ሌላም ወቅት አለ። በዐቢይ ጾም ጎመን ይፈለጋል፣ ዋጋውም ይሰቀላል፣ ከጓሮም አይተርፍም። ፋሲካ ሲገባ ግን ጾመኛው ቤት ፊቱን ያዞርበታል። በበዓለ ሃምሳ ረቡዕና ዓርብ አይጾምም፤ የበልግ ዝናብ አግኝቶ የለመለመው ጎመን ጠያቂ አጥቶ ያብባል። በእነዚህ ሃምሳ ቀናት ትምህርት ቤቱ ክፍት ነው፣ ድስቱም እሳት ላይ ነው። ከጓሮ ወደ ትምህርት ቤት ለማድረስ ከዓመቱ ሁሉ የተሻለው ጊዜ ይህ ሆኖ ሳለ፣ በዓሉ ስላለፈ ማዕድ ማጋራቱም ያኔ አብሮ ያልፋል።

ታዲያ ምን ይደረግ? መጀመሪያ መደረግ የሌለበት፦ ማስጀመሪያ መርሐ ግብር አይዘጋጅ። ቲሸርት አይታተም። ጎመን የያዙ እናቶች ከንቲባ እስኪመጣ ፀሐይ ላይ አይሰለፉ፤ ሁለት ሰዓት ፀሐይ ላይ የቆመ ቆስጣ ለማንም አይሆንም።

የሚያስፈልገው በየማዕከሉና በየትምህርት ቤቱ በር ላይ አንድ ሚዛን፣ አንድ መዝገብ፣ አንድ የውኃ በርሜልና በሳምንት ሁለት የታወቁ ጠዋቶች ናቸው። ማክሰኞና ሐሙስ ከአንድ ሰዓት እስከ ሁለት ሰዓት ተኩል ቢባል፣ ጠዋት የተቀነጠሰው ለምሳ ይደርሳል። መዝገቡ ስም፣ የቤት ቁጥር፣ የአትክልቱን ዓይነት፣ ኪሎውንና የለማበትን ውኃ ይይዛል። ቢጫውን፣ የተበሳውን፣ ጭቃ የያዘውን መመለስ የሚችለው ምግብ የምታበስለው እናት ናት፤ መመለስ መብቷ መሆኑ በወረቀቱ ይጻፍላት። ሰጪውም በቅን ልቦና እስከሰጠ ድረስ እንደማይጠየቅ እዚያው ወረቀት ላይ ይጻፍ። ሁሉም አንድ ገጽ አይሞላም።

ለማስታወቅ ደግሞ አዲስ አደረጃጀት መፍጠር ኃጢአት ነው። እድር አለ። በየሰፈሩ ስም ዝርዝር፣ ጥሩንባ ነፊ፣ ጸሐፊ፣ ድንኳንና ትልልቅ ድስት ያለው፣ ማን ምን እንደጎደለው ከወረዳው ቀድሞ የሚያውቅ ተቋም ነው። የእድሩ ዳኛ በወሩ ስብሰባ ላይ «ጎመን የተረፈው ማክሰኞ ጠዋት ትምህርት ቤቱ በር» ካለ ወሬው በአንድ ቀን ሰፈሩን ያዳርሳል። የመጣው ጎመን ለአንድ ድስት ቢያንስ እንኳ እድሩ ከየቤቱ አሰባስቦ በአንድ ጋሪ ሊያደርሰው ይችላል።

ይህን ለማድረግ አዋጅ ማውጣት አያስፈልግም። ምገባውን የሚመራው መሥሪያ ቤትና የከተማ ግብርናውን የሚመራው መሥሪያ ቤት አንድ ከሰዓት በኋላ አብረው ቢቀመጡ ወረቀቱ ተጽፎ ይፈረማል። ሁለቱም ሪፖርታቸውን የሚያቀርቡት ለአንድ ከተማ አስተዳደር ነው። ሰኔ መግቢያ ላይ የተተከለ ጎመን ሐምሌ መጨረሻ ላይ ይቀነጠሳል፤ ወረቀቱ ከዚያ በፊት በየበሩ ሊለጠፍ ይገባል።